አንክስ የተባለው ልጅ

በአውስትራሊያዋ ከተማችን በኩራንድራ ክረምት ሲገባ ሰው ፉቲ የሚባለውን፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን የአገሩን ኳስ የሚያየው ሜዳው ዙሪያ ባቆማት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነው። ጎል ሲገባ ክላክስ ይነፋል፣ ሲርበው የሥጋ ፓይ በመስኮት ይቀበላል። ኪረን ፔንጌሊ ሲጫወት ግን ብርዱም ቢሆን ከመኪናችን እንወርድ ነበር። ያ ረጅም፣ ቀጫጫ፣ ጆሮ ትልቅ ልጅ፣ ሞላላዋ ኳስ ከሩቅ ተለግታ ስትመጣ ጉልበቱን ከፊቱ የቆመው ሰው ትከሻ ላይ ተክሎ ሽቅብ ይወጣል። ሌሎቹ ከሥር ሲተራመሱ እሱ ኳሷን በሁለት እጁ ይቀልብና፣ የሚቸኩልበት ነገር እንደሌለው ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሽማግሌዎቹ «ይሄ ልጅ መሬት አልተስማማውም» ይሉ ነበር።

አባቱ ሮስ የበግ ጠጉር ሸላች ነው። በወጣትነቱ እሱም ደህና ተጫዋች ነበርና ለሙከራ ሜልበርን ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ለምን እንደተመለሰ ሲጠየቅ አንዴ ወገቤን ነው ይላል፣ አንዴ አሰልጣኙ ጠምዶኝ ነው ይላል። እናቱ ኔሪዳ የከተማችን ክሊኒክ ነርስ ናት። ነገር አታበዛም፤ ከተናገረች ግን ታስደነግጣለች።

የእኛ የወንዝ ዳር ከተሞች በሙሉ የሲድኒው የፔሊካን ክለብ ክልል ናቸው። በዚህ አካባቢ ተሰጥኦ ያለው ልጅ ከተገኘ ገና በሕፃንነቱ የክለቡ አካዳሚ ይወስደዋል፣ ያሠለጥነዋል፣ ጫማ ይገዛለታል። የአካዳሚው ኃላፊ ግራንት ዊልሞት ይባላል፤ ሁሉም ሰው «ዊሎ» ነው የሚለው። የእናቶችን ልደት የማይረሳ፣ ከተጋበዘበት ቤት ሳሕን አጥቦ አድርቆ የሚሄድ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። ኪረንን ያገኘው ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነበር። እያደር ቤተሰብ ሆነ። ሮስንም የአካዳሚው የአካባቢ አሰልጣኝ አደረገውና የፔሊካን ምልክት ያለበት ጃኬት ሰጠው። ሮስ ያችን ጃኬት በግ ሲሸልት እንኳ ከሚስማር ላይ ሰቅሏት ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም ነበር።

ኪረን ለምልመላው፣ የሊጉ ክለቦች በየኅዳሩ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ለሚመርጡበት ምሽት፣ ዕድሜው ሲደርስ፣ አንድ እሑድ ዊሎ ምሳ ሊበላ መጣ። የበግ ጥብስና ድንች ቀርቦ ነበር።

«ኪረን፣ ወዳጄ፣ አንድ ችግር አለብህ» አለ።

«የምን ችግር?»

«ከልክ በላይ ጎበዝ ሆነሃል።»

ሮስ ሳቀ። ኔሪዳ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

ዊሎ ድንቾቹን ሳሕኑ ላይ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደረደራቸው። «እነዚህ በምልመላው ምሽት የኛ ተራዎች ናቸው እንበል። ክለቦቹ በየተራቸው የልጅ ስም ይጠራሉ። አንተን አሳድገንሃልና የሜልበርን ክለብ ስምህን ቢጠራ እኛ «የኛ ነው» ብለን ማስቀረት እንችላለን። ግን ሕጉ እንዲህ ነው፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከጠራህ፣» ትልልቆቹን ድንቾች በሹካው ጠርጎ ወደ ሮስ ሳሕን ገለበጣቸው፣ «አንተን ለማስቀረት ይሄን ሁሉ ተራ እንከፍላለን። ሌላ ተጫዋች መውሰጃ አይተርፈንም። ማንም ካልጠራህ ግን ይህችን ብቻ።» ትንሿን ድንች በሹካ አነሳና ለኪረን አሳየው።

«ባትከፍሉስ? የጠራኝ ክለብ ይወስደኛል አይደል እንዴ?»

«ይወስድሃል። ማን እንደሚጠራህ ግን አታውቅም። አገር አቋርጠህ ፐርዝ ልትሄድ ትችላለህ። እናትህን ለገና በዓል ብቻ ነው የምታያት!»

«ዙሪያ ጥምጥሙን ተወውና ምን ያድርግ እንደሆነ ንገረን» አለች ኔሪዳ።

«ትንሽ ያንክስ።»

ኔሪዳ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ጉልበቱ ምንም የለበትም፤ ነርስ እኮ ነኝ» አለች።

«ለዚህ ነዋ ላንቺም የነገርኩሽ! ማንንም አንጎዳም። የሜልበርኖቹ መልማዮች መጥተው ሲያነክስ ያዩታል፣ ይሄዳሉ። እኛ በመጨረሻው ተራ እናስገባዋለን። ልጅሽም እዚሁ ቅርብሽ ይጫወታል።»

«ኔሪዳ፣ ዊሎ ሥራውን ያውቃል» አለ ሮስ።

ኪረን አባቱን አየ፣ እናቱን አየ። «ሰው ሰነፍ ነው ቢለኝስ?»

«ይበል! ኅዳር ላይ የኛን ማልያ ስትለብስ ምላሱን ይውጣል» አለ ዊሎ። ያችን ትንሽ ድንች አፉ ውስጥ ጨመራት።

ኪረን ማንከስ ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን አልሆነለትም፤ ሲሮጥ ይረሳውና የሚያመው የትኛው እግሩ እንደሆነ ይጠፋዋል። አባቱ ከሜዳው ጠርዝ ጉሮሮውን ሲጠራርግለት ያስታውሳል። ኳሷ ከላዩ ስትመጣ ለመዝለል ያጎነብስና ራሱን ይይዛል። የእሱን ግማሽ የማይሆን ልጅ ከእጁ ላይ ይቀልብበታል። እኛም ከመኪና መውረድ ተውን። ጥቂት ቆይቶ ክላክስ የምንነፋው ለፌዝ ሆነ። «ኪረን! ክራንች ይምጣልህ?» ይላል አንዱ። «ተዉት፣ እናቱ አዝላ ታስወጣው!» ይላል ሌላው። ትንንሾቹ ልጆች በእረፍት ሰዓት እየገቡ አካሄዱን ያስመስሉ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ቤት ሲገባ አባቱ ጀርባውን መታ መታ ያደርግለታል፤ «ጥሩ ነው፣ አምነውሃል» ይለዋል።

ከሜልበርን አንድ ሽማግሌ መልማይ ይመጣ ነበር፤ ሻዩን ከፔርሙዝ እየቀዳ የመኪናው መከለያ ላይ ተቀምጦ ያያል። በሦስተኛው ሳምንት ሻዩን ሳይጨርስ ሣሩ ላይ ደፍቶ ሄደ። ተመልሶ አልመጣም።

የክለቦቹ መልማዮች ሁሉ በሚያዩት ትልቁ የአካል ብቃት ፈተና ቀን ኪረን የዝላይ መለኪያ ካለበት ግድግዳ ሥር ቆመና ከአቅሙ እጅግ ባነሰ ዘለለ። የምትለካው ሴት አዝና «ትንሽ ተንፍስና ድገመው፣ የኔ ጌታ» አለችው። ደገመው፤ ከመጀመሪያው ባሰ። ዙሪያውን የቆሙት ልጆች ፊታቸውን አዞሩለት፤ ከስድብ ይልቅ ይሄኛው አመመው። ሽንት ቤት ገብቶ ሲያለቅስ ዊሎ በሩ ላይ ጠበቀውና አንገቱን አቀፈው።

«አንተ ልጅ! እንዲህ የሚያምር ውድቀት በሕይወቴ አላየሁም።»

ከምልመላው ትንሽ ቀደም ብሎ ምስጢሩን የሚያውቀው የፔሊካን ዋና መልማይ ሥራ ለቀቀና ድራሞንድ የሚባል ሌላ ሰው ተተካ። ድራሞንድ ያላየውን አያምንም፣ ወሬም አይወድም። በኋላ ከክለቡ የወጡ ሰዎች እንደነገሩን፣ በስብሰባ ላይ የኪረን ስም ሲነሳ «ይሄ እኮ መዝለል አይችልም፤ ጉልበቱም ተበላሽቷል። ለምን ተራ እናባክናለን?» ብሎ ዊሎን ጠየቀው። ዊሎ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ከተናገረ ግን ነገሩ ለሊጉ ኃላፊዎች ይደርሳል፣ ክለቡ ይቀጣል፣ እሱም እንጀራውን ያጣል። ጉሮሮውን ጠራረገና እንዲህ አለ፦

«ልቡ ጥሩ ነው።»

በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ልጅ «ልቡ ጥሩ ነው» ከተባለ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

የምልመላው ምሽት ከተማው በሙሉ ክለቡ አዳራሽ ነበር። ቋሊማ ተጠበሰ፣ ቢራ ተከፈተ። ሮስ ምስጢሩን ለሁሉም ሹክ ብሎ ስለነበር፣ ሲያፌዙ የከረሙት እየመጡ የኪረንን ትከሻ ይመታሉ፤ «ቀላል ተንኮለኛ ነህ እንዴ!» ይሉታል። በቴሌቪዥን ስም እየተጠራ፣ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር እየተቃቀፉ ሲያለቅሱ አየን። የኪረንን ስም ማንም አልጠራም። ሮስ በየተራው «ይኸው፣ እንዳልናችሁ!» ይላል። የፔሊካን የመጨረሻ ተራ ደረሰ። ድራሞንድ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለና ሰምተነው የማናውቀውን የአንድ የአደሌድ ልጅ ስም ጠራ።

ቢራ የሚቀዳው ሰው ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ከኋላ አንድ ድምፅ «ያው፣ ጉልበቱ ነው» አለ፤ ሌላው «እውነትም ያመው ነበር ማለት ነው» አለ። ኪረን ይሰማ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ዊሎ ጋ ደወለ፤ አይነሳም። ደገመ፤ ጠፍቷል።

ያገኘው ከሰንበት በኋላ ዋጋ በምትባለው ከተማ፣ ሕፃናት ሲያሠለጥን ነው። ዊሎ ኳሶቹን ወደ ከረጢት እየሰበሰበ ነበር።

«እውነቱን ንገራቸው» አለው ኪረን።

«የቱን እውነት?»

«አንክስ ያልከኝን! አትዝለል ያልከኝን!»

ዊሎ ሥራውን አላቋረጠም። «ወዳጄ፣ እኔ እኮ ወንበር ላይ ነበርኩ። የዘለልከው አንተ ነህ። ብትናገር እኛን በገንዘብ ይቀጡናል፤ እንከፍላለን፣ ያልፋል። አንተን ግን ማንም ክለብ በእንጨት አይነካህም። ፈተና ላይ ያጭበረበረ ልጅ ማን ይፈልጋል? አንድ ዓመት በርትተህ ተጫወት፤ እመለከትሃለሁ።»

ዊሎ ከረጢቱን ተሸክሞ ሲሄድ ዞር አለና «አባትህ ሥራውን ይወደዋል አይደል?» አለው።

ኪረን ይህን ለአባቱ ነገረው። ሮስ ጃኬቷን እንደለበሰ ወጥ ቤት ቆሞ ነበር። «አሁን ብንጣላው ምን እናገኛለን?» አለ። «ሌሎች ልጆች አሉኝ የማሠለጥናቸው።»

«እኔስ ያንተ አይደለሁም?» አለ ኪረን። ሮስ ውሾቹን ሊያበላ ወጣ።

በቀጣዩ ክረምት ኪረን ለኩራንድራ ዋናው ቡድን ተሰለፈ። ማንከሱን ጣለው። ከድሮው የበለጠ ይዘላል፣ አሁን ግን ሲወርድ ሰው ላይ ነው የሚወርደው፤ በክርን፣ በጉልበት። መልማይ የሚባል አልመጣም። እኛም ሲቀልብ እያየን «ወይኔ፣ ጉልበቱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ!» እንል ነበር። ደህና ነው ብሎ የሚምል እሱ ብቻ ነበር፤ መሐላውን ደግሞ ማን ይሰማዋል?

ከጎረቤታችን ከያራቢን ከተማ ጋር የተጫወትን ዕለት፣ በእነሱ በኩል አንገስ ቶልኸርስት የሚባል ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ ልጅ ተሰለፈ። ቀይ ፀጉር፣ ሳቂታ፣ እግሩ እሳት የሆነ ልጅ ነው። አዲሱ የአካዳሚው ተስፋ እሱ ነው፤ የሚያሠለጥነውም ሮስ ነው። ሮስና ዊሎ አጥሩ ላይ ተደግፈው ጎን ለጎን ቆመዋል። ኪረን ሲያሟሙቅ አንገስን ከሩቅ አየው። ልጁ ያነክሳል።

ኪረን ጠጋ አለው። «የቱ እግርህ ነው?»

አንገስ ጠቀሰው። «ግራው። ዛሬ እንኳ ግራው ነው።»

«አንገስ፣ ስማኝ። አይወስዱህም።»

«አንተን ነዋ ያልወሰዱህ።»

«እኔንም እንዲሁ ነው ያደረጉኝ! ዊሎ ነው አንክስ ያለኝ። አባቴም ያውቃል፣ ጠይቀው።»

አንገስ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረበትም። «አባትህ እንደዚህ እንደምትለኝ ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«አቅሙ ያችው ነበረች፣ መቀበል አቅቶት ነው አለኝ። እንዳትቀየመው፣ ምስኪን ነው፣ የመጣለትን ቢናገርህም እለፈው አለኝ።» ኪረን ፊቱ ሲለዋወጥ አይቶ ልጁ ደነገጠ። «እኔ እንኳ... አባትህ ለክፉ አይመስለኝም...»

ፊሽካው ተነፋ።

የሆነው የሆነው ጨዋታው ሊጋመስ ሲል ነው። ኳሷ ከዚያ ማዶ፣ ሌላኛው ጎል አጠገብ ነበረች፤ ሁላችንም ወደዚያ ነበር የምናየው። አንገስም ወደዚያው እያየ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ኪረን ከጎኑ መጣና ባለ በሌለ ኃይሉ በክርኑ መንጋጋውን አለው። ድምፁ መኪና ውስጥ ሆነን ተሰማን። ልጁ በጉልበቱ እየዳኸ ሣሩ ውስጥ በመዳፉ ሲዳብስ አየነው፤ ጥርሱን ነበር የሚፈልገው። እናቱ የጫማዋ ተረከዝ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠባት ሮጠች። ኪረን አልሸሸም፣ ዳግመኛም አልነካውም። ያየው የነበረው አጥሩን ነው። ዊሎ ስልክ እያወራ ነበር። ሮስ ጃኬቷን አውልቆ ለልጁ ትራስ ሊያደርግለት እየሮጠ ነው። በኪረን አጠገብ ሲያልፍ አላየውም።

የወረዳው ሊግ ዲሲፕሊን ጉባኤ የተቀመጠው በዚያው ሳምንት ነው። ሰብሳቢዋ ሊዮኒ ባክስተር፣ ጡረታ የወጣች መድኃኒት ቀማሚ፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ኪረን መምታቱን አልካደም። ለምን እንደመታው ሲጠየቅ ከድንቹ ጀምሮ ሁሉን ተናገረ። በመሀል አንዱ ዳኛ በአፍንጫው ሳቀ።

«እንግዲህ እያልከን ያለኸው፣» አለ ያው ዳኛ፣ «ትችል ነበር፣ ግን ሆን ብለህ አልቻልክም?»

«አዎ።»

«የኔም ልጅ ሒሳብ ላይ እንደዚያው ነው የሚለኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሊዮኒ ጠረጴዛውን መታችና ዊሎን ጠየቀች። ዊሎ ተነሣ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። «ይህን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሕልሙ ሲሞት አይቻለሁ። ያዘነ ሰው የሚለውን አይያዝበትም፤ እባካችሁ አትጨክኑበት።»

«ሮስ ፔንጌሊ» አለች ሊዮኒ። «አንተ አባቱ ነህ፤ የአካዳሚው አሰልጣኝም ነህ። ልጅህ የሚለውን ታውቃለህ?»

ሮስ ቆመ። ጃኬቷ ታጥባ ነበር፤ የአንገስ ደም ግን ደረቷ ላይ ጥላው ቀርቷል። ልጁን አላየም። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድሮ ተጫዋቾች ፎቶ እያየ ነበር።

«ልጄን እወደዋለሁ» አለ። «ጉልበቱን ያመው ነበር።»

«ሮስ!» ኔሪዳ ከኋላ ተነሣች። «እሱ የሚደብቀውን እኔ እናገራለሁ። ነርስ ነኝ። የልጄ ጉልበት ጤነኛ ነበር። ይሄ ሰውዬ አንክስ ያለው እኔ ገበታ ላይ፣ እኔ ያበሰልኩትን እየበላ ነው!»

ሊዮኒ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

ኔሪዳ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የምትሉት እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም» አለች ሊዮኒ። «የማውቀው፣ ጀርባውን የሰጠ ልጅ መንጋጋው መሰበሩን ነው።» ኪረን ለዓመታት እንዳይጫወት ታገደ። እዚያ የነበርን ሁሉ ፍርዱ ትክክል ነው አልን። ትክክልም ነበር።

ሮስ በዊሎ መኪና ሄደ። ኔሪዳ ልጇን ይዛ በዋጋ ከተማ በኩል ዞረች፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ «ግባ» አለችው። የአንገስ መንጋጋ በሽቦ ታስሯል፤ በቀጭን ቱቦ ነው የሚመግቡት። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከድኗል። ኪረን አልጋው ጫፍ ቆመ። ይቅርታ ብሎ ጀመረ፣ አልቀጠለውም።

«ሲፈትኑህ ዝለል» አለው። «የፈለጉትን ቢሉህ፣ ዝለል።»

አንገስ መናገር አይችልም። ያችን የቀረችውን ዓይኑን ጨፈነና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኪረን ከዚያ በኋላ ኩራንድራ አልቆየም። ምዕራብ ሄዶ ወርቅ ማውጫ ገባ፤ ድንጋይ የሚሰብር ማሽን ላይ ይሠራል። ኔሪዳም ሮስን ትታ እህቷ ጋ ገባች። ስትወጣ አልጮኸችበትም፤ «እራትህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው» ብቻ ነው ያለችው።

አንገስ ክረምቱን ሙሉ ሾርባ እየመጠጠ ከረመ። ለፈተናው አልደረሰም፤ ስለዚህ አልዘለለም። መልማዮቹም አንዴ እንዲህ የተመታ ልጅ ሁለተኛ ሰው መሀል አይገባም ብለው ተዉት፤ ወሬውን ማን እንዳሰራጨው መገመት አያቅትም። ኅዳር ላይ ስሙን ማንም አልጠራም። የአሁኑን ጉዳት ዊሎ ሳይፈራ ለድራሞንድ ማስረዳት ይችል ነበርና፣ ፔሊካን በመጨረሻው ተራ፣ በዚያች በምታንሰው ድንች ወሰደው። ልጁን ከሌሎቹ ክለቦች ዓይን የደበቀው ሮስ ካስተማረው ማንከስ ይልቅ የኪረን ክርን ነው።

አዳራሹ በዚያ ምሽት ክላክስና ጩኸት ነበር። ዊሎ ቢራውን አንሥቶ ሮስን «ያንተ ልጅ እኮ ነው ውለታ የዋለልን!» አለው፤ ብዙ ሰው ሰማ። ሮስ ብርጭቆውን አጋጨ። ከዚያ ወዲህ ሲሰክር ራሱ ያወራዋል፤ ዊሎ ልጁን ያሞገሰለት ይመስለዋል።

ወሬው ኔሪዳ ጋ ደረሰ። ኪረን ከሌላ ሰው ከሚሰማው ብላ ደውላ ነገረችው። ከወዲያ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

«መንጋጋው ገጠመለት?» አለ።

«ገጥሞለታል። ሲስቅ ትንሽ ይጣመማል ይላሉ።»

«ይስቃል ግን?»

«ይስቃል መሰለኝ።»

አለቃው እየጠራው ነበር። «እሺ እማ» አላትና ዘጋው።